አስካለ የማትነሳበት ወንበር

አስካለ ደንቢ ማረፏን የሰማሁት ከገበያ ስመለስ ነው። ድሮ ያስተማርነው ልጅ፣ ዛሬ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ፣ ደወለና «ቲቸር ሙሉ፣ ቲቸር አስካለ አረፉ» አለኝ። ዘንቢሌን እግሬ ሥር አስቀምጬ መንገድ ዳር ቆምኩ። መጀመሪያ ያለቀስኩ እንዳይመስላችሁ፤ ተናደድኩ እንጂ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ «አሰላ መጥቼ እሰነብትብሻለሁ» እያልኩ ሳሳብብ ኖሬ፣ እሷ ጥላኝ ሄደች። ሌላ ሰው ቢሆን ይሁን እላለሁ። አስካለ ግን እኮ መጠበቅ የምትችል ሰው ነበረች፤ በዕድሜዬ እንደሷ ነገር መጠበቅ የሚችል ሰው አላየሁም።

ለቅሶዋ ላይ ሰው ሁሉ «ደግ ነበረች፣ ለስላሳ ነበረች» ሲል ሰማሁ። ደግስ ነበረች፤ ለስላሳ ያሉትን ግን ከየት እንዳመጡት እንጃ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አስካለ ደረቅ ነበረች። አንድ ነገር ከያዘች የሚያስጥላት አልነበረም፣ ሰውም ሆነ መንግሥት። ደረቅነቷን ትቼ ስለ እሷ ካወራሁ ስለ ሌላ ሰው እያወራሁ ነው ማለት ነው።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት አሰላ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እኔ ባዮሎጂ፣ እሷ ፊዚክስ እናስተምር ነበር። ቤተ ሙከራችን አንድ ነው፤ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ ጥግ ላይ አንዲት የውኃ ቧንቧ ያለችው ክፍል። በአንደኛው ወገን የኔ እንቁራሪቶች በጠርሙስ ተደርድረዋል፤ በሌላው ወገን የእሷ ሽቦ፣ የተበተነ ሬዲዮና የሞተ ቴፕ ተከምሯል። በዚያ ዘመን አሰላ ውስጥ ሬዲዮ የተበላሸበት ሰው አይጥለውም፣ ለአስካለ ያመጣላታል። የሚድን ከሆነ አድና ትመልሳለች። የማይድን ከሆነ ሆድ ዕቃውን ታስቀርና ሣጥኑን ለባለቤቱ ትሰጣለች፤ እነሱም ወስደው የክር ማስቀመጫ ያደርጉታል።

ከዲክሲስ ገበሬ ቤት የወጣች ረጅም ሴት ናት። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካና ትረሳዋለች፤ ከዚያ «ማነው የወሰደብኝ?» ብላ ክፍሉን ታምሰዋለች። ስትናደድ ወደ ኦሮምኛ ትገባለች፣ ስታስብ ጣቶቿን እፍ እፍ ትላለች። ከአፏ የማትጠፋ አንዲት አባባል ነበረቻት፦ «ጥፋቱ ከዚህ ጠረጴዛ አልወጣም።» አንድ ነገር እምቢ ሲለን፣ እኔ «አይ ዕድሌ» ብዬ እጄን ሳጣጥፍ፣ እሷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ትስብና ይህችኑ ትላለች። ጥፋት እግር የለውም፣ የትም አይሄድም፣ እዚሁ ተቀምጦ እያየን ነው ማለቷ ነው።

ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ተልካ ስትመለስ፣ አብረዋት የሄዱት ካፖርትና የግድግዳ ሰዓት ይዘው መጡ። አስካለ ያመጣችው በጥጥ የተጠቀለሉ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ያህላሉ፤ ሦስት ሦስት ቀጫጭን እግር፣ አናታቸው ላይ ደግሞ መስኮት የመሰለች መስታወት አለቻቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«ሌዘር ዳዮድ። ኮረንቲ ሲሰጧት ቀጭን ብርሃን ትወረውራለች። ያስተማረኝ ሰውዬ ነው የሰጠኝ። ለፋብሪካው አይበቁም ተብለው ከሚጣሉት ውስጥ መርጦ።»

«እኔ ደግሞ ሽቶ ታመጣልኛለች ብዬ።»

«ሽቶ ያልቃል።»

«ይሄስ አያልቅም?»

«ካወቅሽበት ብዙ ዓመት ይሠራል። ካላወቅሽበት ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ያልቃል።»

ዳዮዷ ብቻዋን ምንም አይደለችም። ኮረንቲ መጥኖ የሚሰጣት ሰርኪዩት ያስፈልጋታል፤ እሱን ደግሞ አሰላ ላይ ማን ይሸጣል? ራሷ ልትሠራው ተነሳች። ነገሩን ለተማሪዎቿ ስታስረዳ እኔም እንቁራሪቶቼን ትቼ አዳምጥ ነበር። «ይህቺ ዳዮድ ጠላ ቤት የገባ ሰው ማለት ናት» ትላቸዋለች። «የቀዱላትን ሁሉ ትጠጣለች። ስትጠጣ ይሞቃታል፣ ሲሞቃት የበለጠ ትጠጣለች። ይበቃሻል የሚላት ከሌለ እዚያው ትሞታለች። እኛ የምንሠራው ይበቃሻል ባዩን ነው።»

ይበቃሻል ባዩ ከሁለት ትራንዚስተር፣ ከጥቂት ሬዚስተርና ከአንድ ወፍራም ካፓሲተር ተሠራ፤ ሁሉም ከሞቱ ሬዲዮዎች ሆድ የወጡ ናቸው። ካፓሲተሩ ኮረንቲው ዘው ብሎ እንዳይገባ የሚያዘገይ ነው። ከሬዲዮ የተነቀለ የድምፅ ቁልፍ ደግሞ መጠኑን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ማያ ያስፈልጋል። ለዚያ ከድሮ ሬዲዮ የወጣ የብርጭቆ ትራንዚስተር አገኘችና ጥቁር ቀለሙን በምላጭ ፋቀችው። ቀለሙ ሲለቅ ትራንዚስተሩ ብርሃን ማየት ይጀምራል አለችኝ፤ እኔም ኮረንቲ ከሚለካው ቴስተር ጋር አያይዛ ወደ መስኮቱ ስታዞረው መርፌው ሲንቀሳቀስ አየሁና አመንኩ። የቀረው ብርሃኑን የሚሰበስብ መነጽር ነበር። የሄደችው ወደ ማይክሮስኮፔ ነው።

«አንዷን ሌንስ ብቻ» አለችኝ።

«ለምን ልቤን አውጪ አትዪኝም?»

«ልብሽ አያስተካክልልኝም።»

ሰጠኋት። ምን ላድርግ!

ይህን ሁሉ ስትሠራ የሚያስቸኩላት አልነበረም። አንድ ጠዋት ግን ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ክፍሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ገቡ። ጋሽ ክፍሌ ባርኔጣ ካሽከረከሩ ደግ ወሬ የለም።

«ልጆች፣ ይህን ክፍል ለወጣቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ይፈልጉታል» አሉ።

«እኛስ?» አለች አስካለ።

«በጠመኔ አስተምሩ ነው የሚሉት። ከሬዲዮ ስብርባሪና ከእንቁራሪት ሌላ ምን አላቸው ተብሏል። ጓድ ኃላፊው ራሱ መጥቶ ያያል። የሚሠራ ነገር፣ ዓይን የሚገባ ነገር ካሳያችሁት ይተወዋል። አለዚያ በነጋታው ቁልፉን አስረክባለሁ።»

ጓድ ኃላፊው ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ሰው ነው። ክፉ ነበር አልልም፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ቶሎ የሚናገር ጎልማሳ ነበር። ግን «እግዜር» የምትባል ቃል በጆሮው ከገባች አለቀልህ። ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይመስገን» ብለው ንግግር ሲጀምሩ አስቁሞ «ሰፊው ሕዝብ ይመስገን ይበሉ» ብሎ ያስደገማቸው እሱ ነው። ከተማው በሙሉ እየሳቀ አወራው፤ በሹክሹክታ ነው እንጂ።

አስካለ ጋሽ ክፍሌ እስኪወጡ ጠበቀች። «ይህን ክፍል አልሰጥም» አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው። ተማሪዎቻችን ያን ክፍል ካጡ ሽቦ ነክተው፣ ሌንስ አይተው የሚያውቁበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። እሷ ራሷ ልጅ ሆና ፊዚክስን በጠመኔ ብቻ ነው የተማረችው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእሷ ቂምም ጭምር ነበር።

ጥር ነበር። በጥር ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደረቅና ብርዳም ስለሆነ ሁላችንም ሹራብ ደርበን እንውላለን። አስካለ የምትለብሰው እኔ የሠራሁላትን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ነው። የመጀመሪያዋን ዳዮድ ሰርኪዩቱ ላይ አስቀመጠችና ቁልፉን በዝግታ አዞረች። የማያው መርፌ ትንሽ ተንፏቀቀ። አሁንም አዞረች፤ አሁንም ተንፏቀቀ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ መርፌው ብድግ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

«አየሽ?» አለችኝ። «እዚህ ጋ ነው ሌዘር የሆነችው። ከዚህ በታች ተራ መብራት ናት።» ከዚያ አቀፈችኝ፤ አስካለ ሰው የምታቅፍ ሰው አይደለችም።

በነጋታው ሌንሱን ልትገጥምላት ዳዮዷን ነቅላ በጣቶቿ መካከል ይዛ ሳለ በሩ ተከፈተ። አባቷ አባ ደንቢ ናቸው፤ ከዲክሲስ ለገበያ መጥተው ሊያዩዋት ጎራ አሉ። አስካለ ከዚያች ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከተለገሰችን ፕላስቲክ የለበሰች ወንበር «ኖር አባ!» ብላ ብድግ አለች። ማን የማይነሳ አለ? አባት ገብቶ ቁጭ የሚል ልጅ በአርሲም በሸዋም አልተወለደም። ሳመቻቸው፣ ወንበሯን ሰጠቻቸው፣ ዳዮዷን የሰርኪዩቱ ብረት ሣጥን ላይ አስቀመጠች። ቡና ቤት ወስዳ ሻይ ጋበዘቻቸውና ሸኝታ ተመለሰች።

ስትመለስ ዳዮዷ ሞታ ነበር። ቁልፉን ስታዞር መርፌው ይንፏቀቃል፣ ግን ብድግ አይልም። እስከ ላይ ብታደርሰውም አይነሳም።  እኔ አለቀስኩ፤ እሷ አላለቀሰችም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ሳስብ አሁንም ወገቤን ያመኛል። የቀረችው አንዲት ዳዮድ ናት። ጥፋቱ ሳይታወቅ እሷን መሰካት መግደል ነው። ኃላፊው ደግሞ ዛሬም ሊመጣ ይችላል፣ ነገም ሊመጣ ይችላል። ጋሽ ክፍሌ በየቀኑ በመስኮት ብቅ እያሉ «ደረሰ?» ይላሉ። «አልደረሰም» ትላለች፣ ቀና ሳትል።

በዳዮዷ ቦታ ተራ ዳዮዶች ደረደረችና «ምትክ» አለቻቸው፤ ምትኮቹ ቢሞቱ አይቆጩም። መጀመሪያ የከተማውን መብራት ጠረጠረች። የአሰላ መብራት ሲሄድና ሲመጣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ስለሆነ፣ ከአንድ ሾፌር የጭነት መኪና ባትሪ ተውሳ መብራቱን ጨርሶ ተወችው። መብራቱ አልነበረም። ቀጥላ የድምፅ ቁልፉን ጠረጠረች፤ እዚህ ላይ እውነተኛ ጥፋት አገኘች። ቁልፉ አሮጌ ስለሆነ ሲዞር አልፎ አልፎ ይለቃል፤ በለቀቀ ጊዜ ደግሞ ኮረንቲው እስከ ጣሪያ ይወጣል። ሽቦዎቹን ቀይራ ቁልፉ ሲለቅ ኮረንቲው እንዲወድቅ አደረገችው። «ጥፋት ይኖራል» አለችኝ፣ «ጥፋቱ ወደየት እንዲወድቅ ግን እኔ ነኝ የምወስነው።»

«እንግዲህ ተገኘ፤ ሁለተኛዋን ሰኪያ!» አልኳት።

«አልተገኘም። ያን ቀን ቁልፉን አልነካሁትም። ሳስቀምጣት ደህና ነበረች፣ ስመለስ ሞታለች።»

«አባትሽ ገደሏት በይኛ!» አልኩ፣ ልቀልድ ብዬ።

አስካለ ጣቶቿን እፍ ማለት ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና «እስቲ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ» አለችኝ። ፕላስቲኳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ የሚሠራ ሬዲዮ አመጣች፤ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አድርጋ ሽሽ እያለ እንዲጮህ ተወችውና የሰርኪዩቱን ሣጥን አጠገቡ አስጠጋች።

«አሁን ለአባቴ ተነሺ።»

«አባትሽ የታሉ?»

«እንደመጡ አስቢና ተነሺ። ከዚያ ሣጥኑን ንኪ።»

«ኖር አባ ደንቢ» ብዬ ብድግ አልኩ፣ ሣጥኑን ነካሁ። ጣቴን ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ሬዲዮውም «ቀጭ!» አለ። አስካለ አልሳቀችም። «ደግሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ቀጭ! ያለ ሹራብ ተቀምጬ ተነሳሁ፤ ሬዲዮው ዝም አለ። በጣውላ ወንበር ሞከርን፤ ዝም አለ። ሹራቡን ለብሼ ወደ ፕላስቲኩ ተመለስኩ፤ ቀጭ! የመጡት ተማሪዎች ባዮሎጂ አስተማሪያቸው ለባዶ በር ስትነሳና ስትቀመጥ አይተው ምን እንዳሉኝ አላውቅም።

ሱፍና ፕላስቲክ ሲፋተጉ ሰው ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ፤ ይህን መጽሐፉም ይላል፣ እሷም ታስተምረዋለች። ለኛ በር ስንከፍት የምትቆነጥጥ ነገር ናት፤ ከአስካለ ጣቶች ወደ ብረቱ ሣጥን ላለፈችው ዳዮድ ግን መብረቅ ናት። አስካለ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ለአባቴ ስነሳ ነው የገደልኳት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«በኔ ሹራብ ነው እንጂ!» አልኩ። ተከፍቼ ነበር፤ ሹራቡ እኮ ስንት የለፋሁበት ነው።

«ሹራቡ ምን አደረገ? የተነሳሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣች። ፕላስቲኳ ወንበር ወጣች፣ የጣውላ በርጩማ ገባ። አስካለ ዳዮዷ ጋ ስትሠራ ሹራቧን አውልቃ በጥጥ ቀሚስ ብቻ፣ በዚያ ብርድ፣ ክንዷ ሽፍ እስኪል ትቀመጣለች። ከእጇ አንጓ ላይ የተላጠ ሽቦ አስራ ከውኃ ቧንቧው ጋር አገናኘችው፤ የተጠራቀመው ነገር ሁሉ በሽቦው ወደ መሬት ይሄዳል። ዋናው ሕግ ግን ይህ ነበር፦ ዳዮዷ በተሰካችበት ሰዓት እዚያ በርጩማ ላይ ያለ ሰው ለማንም አይነሳም፤ ብድግ ሲል ሽቦው ከእጁ ይላቀቃልና።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። የታሪክ አስተማሪው ገብተው ስላልተነሳችላቸው ለብዙ ቀን አኮረፏት። የቄስ ልጅ የሆነች የጽዳት ሠራተኛችን «ምነው፣ ጀርመን አገር ሄዳ ነውር ለምዳ መጣች?» አለች። አስካለ ሰምታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን ሰው በገባ ቁጥር በርጩማውን በአንድ እጇ ስትጨብጥ አይ ነበር። ሰውነቷ ሊነሳ ይላል፣ እሷ ትይዘዋለች።

አባ ደንቢ እንደገና መጡ። ሁለተኛዋ ዳዮድ ያን ጊዜ ተሰክታ፣ መርፌው ብድግ ብሎ፣ አስካለ ሌንሱን በጸጉር ስፋት እያስተካከለች ነበር። ሽማግሌው በር ላይ ቆሙ። እኔ ብድግ አልኩ። እሷ ተቀምጣ ቀረች፤ ፊቷ ደም መሰለ።

«አባ፣ አልነሳልዎትም» አለች። «ባለፈው ስነሳልዎ አንዷን ገደልኩ። ይህቺ የመጨረሻዋ ናት። እሷ ከሞተች ክፍሉን ይወስዱብናል።» ድምፅዋ እየተሰበረ ነበር፣ እጇ ግን ከሌንሱ አልተነቃነቀም።

 እኔ ተሸማቅቄ የምገባበት አጣሁ። አባ ደንቢ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወለሉን እንዳያናውጡ በቀስታ እየረገጡ መጡና ጣውላ ላይ አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ታኢ ኢንተላ ኮ» አሏት፤ ተቀመጪ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔ አልሞትኩም፣ ነገም ትነሺልኛለሽ። የምትሞተው እሷ ከሆነች ለእሷ ተቀመጪላት።»

አስካለ አባቷ እስኪሄዱ አላለቀሰችም። ሲሄዱ ግን ዳዮዷን አጥፍታ፣ ሽቦውን ከእጇ ፈትታ፣ ሹራቧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና «ሌንሱ ወደ ግራ ያዘነብላል» አለችኝ።

ጓድ ኃላፊው የመጣው ሳይነገረን ነው። ጋሽ ክፍሌ ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከእሱ ኋላ ገቡ። ደግነቱ አስካለ ለተማሪዎቿ ልታሳያቸው ሁሉንም አዘጋጅታ ተቀምጣለች። ዳዮዷ በአንደኛው ግድግዳ በኩል፣ የተፋቀው ትራንዚስተር ከአንድ ሬዲዮ ድምፅ ማውጫ ጋር ተያይዞ በሌላው ግድግዳ በኩል ነው። በመሀል ባዶ አየር ብቻ አለ። ቴፑ የክራር ዜማ ይጫወታል፤ የቴፑ ድምፅ ማውጫ ተነቅሎ ዜማው በሽቦ ወደ ሰርኪዩቱ ስለሚገባ በብርሃኑ ላይ ተጭኖ ይሄዳል፣ ወዲያ ማዶ ከሬዲዮው ይወጣል። ተማሪዎቹም እኔም እየሰማን ነበር።

ኃላፊው ሲገባ ሁላችንም ብድግ አልን። ወዲያው ክራሩ ጸጥ አለ።

አስካለ አልተነሳችም። «እንኳን ደህና መጡ ጓድ» አለች ከተቀመጠችበት፣ አንድ እጇ በሽቦ ታስሮ፣ ሌላው ቁልፉ ላይ።

«ተነሺ እንጂ!» አሉ ጋሽ ክፍሌ በጥርሳቸው።

«ይህ እስኪጠፋ አልነሳም። ሲያልቅ እነሳለሁ፣ ቃሌ ነው።»

ኃላፊው አያት። ከዚያ ዝም ያለውን ሬዲዮ አየ። «የሚሠራ ነገር አላችሁ ተብዬ ነበር» አለ። «የታለ?»

«አሁን ይሠራ ነበር።»

«ሁሉም ሰው አሁን ይሠራ ነበር ነው የሚለው።» ወደ ጋሽ ክፍሌ ዞረ። «የክፍሉን ቁልፍ አዘጋጁ።»

 አስካለ ግን ዳዮዷ ሥር የተከለችውን የሁለተኛ ማያ መርፌ አየች፤ ዳዮዷ ደህና ናት። የድምፅ ቁልፉን አየች፤ ደህና ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁና ያችኑ የጠረጴዛ አባባሏን እያለች እንደሆነ አወቅሁ። ከዚያ ወደ እግራችን አየች፤ ያ ሁሉ ሰው ብድግ ብሎ በአንድ ወገን የቆመበትን አሮጌ ጣውላ። እኛ ስንነሳ ወለሉ ተንቀሳቅሶ ጠረጴዛው ትንሽ ዘምሟል፤ ያ ቀጭን የማይታይ ብርሃን ማያውን ስቶ ግድግዳ ላይ እየፈሰሰ ነው።

«ተቀመጡ» አለች።

ማንም አልተቀመጠም። ኃላፊ ቆሞ ማን ይቀመጣል?

«ሁላችሁም፣ ቅድም የነበራችሁበት ተቀመጡ!» አለች፣ ተማሪዎቹን እንደምትቆጣው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርስዎም ጓድ፣ እባክዎ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ» አለችው።

ኃላፊው ሊናገር አፉን ከፈተ። ምን እንዳየባት አላውቅም፤ በዚያ ብርድ በቀጭን ቀሚስ፣ ከቧንቧ ጋር ታስራ፣ ክንዷ ሽፍ ብሎ፣ ዓይኗ ግን አይንቀሳቀስም። ተቀመጠ። ሁለቱ ሰዎቹም ተቀመጡ፣ ጋሽ ክፍሌም ባርኔጣቸው ላይ ተቀመጡ። ወለሉ ጢጥ አለ፤ ክራሩ ከወዲያ ማዶ መጣ።

ኃላፊው «ሽቦ ደብቃችኋል» አለ።

«መዳፍዎን መሀሉ ላይ ያድርጉበት። ዓይንዎን ግን ወደ ምንጩ አያስጠጉ፣ ያሳውራል።»

ከተቀመጠበት እጁን ዘረጋ። ክራሩ ቆመ። እጁን አነሳ፤ ቀጠለ። እንደገና አደረገው። ጣቶቹን እያርገበገበ ዜማውን ቆረጥ ቆረጥ አደረገው፣ ደስ አለው፣ ሰዎቹን ዞሮ አያቸው። ለጥቂት ጊዜ ኃላፊ መሆኑን የረሳ መሰለኝ። ከዚያ ግን አስታወሰ። ብድግ ብሎ ኮቱን አስተካከለ።

«ነገሩ ይሠራል» አለ። «አንድ ነገር ግን ቀርቷል። እንግዳ መጥቶብሽ ተቀምጠሽ ነው የተቀበልሽው። እዚህ ያለው ሁሉ አይቷል። አሁን ተነሺ።»

 እምቢ ብትል ክፍሉ ሄደ፤ ያን ሰው ሕዝብ ፊት አሳፍረሽ ክፍል ማቆየት የለም። ደንግጣ ብድግ ብትል ደግሞ ዳዮዷ ሄደች። እኔ የአስካለን ደረቅነት ፈራሁ።

አስካለ «እሺ ጓድ፣ ይታገሱኝ» አለች። ቁልፉን በዝግታ፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ታች አወረደች። ክራሩ እየሰለለ ጠፋ። መርፌው ወረደ። ባትሪውን ነቀለች። ኤሌክትሪክ እንዳይመታት የዳዮዷን እግሮች በቀጭን ሽቦ አንድ ላይ አሰረች። ከእጇ አንጓ ላይ ያለውን ሽቦ ፈታች። ሹራቧን አንስታ ለበሰች፣ ቀሚሷን በእጇ ደባበሰች፣ እርሳሱን ከጸጉሯ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ሰውዬው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ አስካለ በሙሉ ቁመቷ ተነሳች። ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ልክ ለአባቷ እንደምትነሳው፣

«ኖር» አለችው።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጪ!» አለ ጓድ ኃላፊው።

ከአፉ ወጣ። እናቱ አስተምራው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ቤት በገባ ቁጥር ሲለው የኖረው ነው፤ ማን ሊያስቆመው ይችላል? ጋሽ ክፍሌ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ሁለቱ ሰዎች ጫማቸውን አዩ። እኔ ነጠላዬን ነከስኩ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ አመዱ ወጣ፣ ዓይኑ አንድ በአንድ እየዞረ አየን፣ የሚስቅ ፈልጎ። የሳቀ አልነበረም። በመጨረሻ አስካለን አያት። እሷም አልሳቀችም፤ ገና ወገቧን ዝቅ እንዳደረገች ነበር።

«ክፍሉ ለቤተ ሙከራነቱ ይቆይ» አለ ለጋሽ ክፍሌ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። ከዚያ ወጣ። ስለዚያ ክፍል ሁለተኛ የጠየቀን የለም።

የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠብቄ ፈነዳሁ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ተማሪዎቹም ጠረጴዛ እየመቱ ሳቁ። «ኧረ አስካለ፣ አንቺ ጉደኛ! በእግዜር አስባልሽው! እንዴት ብታስቢው ነው?» አልኳት።

አስካለ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ነበር።  ሳቃችን ግራ ገብቷት አየችን፣ ቀጥሎም ቅር አላት።

«አባቴ ይሙት ምንም አላሰብኩ» አለችኝ። «ሲታገሠኝ አላየሽውም? ከልቤ ነው የተነሳሁለት።»